የሰፈር ቡድንን ታሪክ ከሜዳው ጀምሮ መጻፍ

የሰፈር ኳስ ቡድን ታሪክ ለመጻፍ የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ቡድኑ መቼ ተመሠረተ?» ብሎ ይጀምራል። ጥያቄው ለአራት ነባር ተጫዋቾች ቢቀርብ አራት መልስ ይመጣል፤ የቀረው ጊዜም በክርክር ያልቃል። ይልቅ «መጀመሪያ የት ሜዳ ነበር የምትጫወቱት? ከዚያስ ወዴት ሄዳችሁ?» በሏቸው። ዓመተ ምሕረቱ የጠፋበት ሰው ጎሉ በየት በኩል እንደነበረ፣ ሜዳው ወደየትኛው ጥግ እንደሚያዘቀዝቅ፣ ኳስ ስትወጣ የማን ግቢ እንደምትገባ አንድ በአንድ ይነግራችኋል።

በመሀል አዲስ አበባ፣ በአራዳም ሆነ በአራት ኪሎና በካዛንቺስ፣ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ሜዳ ላይ የቆየ የሰፈር ቡድን ማግኘት ይከብዳል። መጀመሪያ ከቤት ጀርባ ባለ ክፍት ቦታ በጨርቅ ኳስ፣ ቀጥሎ የትምህርት ቤት ግቢ፣ ከዚያ ጃን ሜዳ፣ እሱም ሲጠብ ሌላ ፍለጋ። ለእያንዳንዱ ለውጥ ምክንያት አለው፦ ቤት ተሠራበት፣ ታጠረ፣ ገበያ ገባበት። በ2012 በኮሮና ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃን ሜዳ ሲዛወር እንደሆነው ማለት ነው። እንዲህ ያሉ ምክንያቶች ከቡድኑ ውጪ ተመዝግበው የሚገኙ ስለሆኑ ዓመታቸውን ማጣራት ይቻላል። የሜዳዎቹ ቅደም ተከተል ከታወቀ የታሪኩ ምዕራፎች ተገኙ ማለት ነው፤ ተጫዋቹም፣ ዋንጫውም፣ ጠቡም ከየሜዳው ሥር ይገባል።

ስለዚህ ከድምፅ መቅጃ በፊት ካርታ አዘጋጁ። የሰፈሩን ካርታ በኤ3 ወረቀት ጥቁርና ነጭ አሳትሙ፤ ለእያንዳንዱ ተናጋሪ አዲስ ቅጂ ይሰጠዋል። አንዱ የሳለበትን ለሌላው አታሳዩ፤ ካሳያችሁት የራሱን ትቶ ያየውን ያጸድቃል። በእርሳስ ሜዳውን ይሳል፤ ጎሉ ድንጋይ ነበር ወይስ የባሕር ዛፍ አጣና፣ ስንት ለስንት ይጫወቱ ነበር፣ ልብስ የት ይቀየር ነበር፣ ልብሱንስ ማን ይጠብቅ ነበር? «ኳስ የሚወድቅበት ግቢ የማን ነበር?» የምትለውን አትዝለሏት። ኳስ የሚቀማ፣ ቢላ ይዞ የሚወጣ፣ ወይም ደግሞ ውሃ የሚያጠጣ ጎረቤት ስም በዚህች ጥያቄ ይወጣል፤ የጎረቤቱ ልጆች ደግሞ እናንተ ያላሰባችኋቸው ምስክሮች ናቸው።

ሰዎቹን መፈለግ

ዶሮ ማነቂያና የፒያሳ ዙሪያ ሰፈሮች በ2016፣ ካዛንቺስ ደግሞ በ2017 በኮሪደር ልማቱ ፈርሰዋል። ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የዳር መንደሮች ተበትኗል። «ሰፈር ሄጄ ሽማግሌ አገኛለሁ» የሚለው አካሄድ ለብዙዎቹ አይሠራም። ከዕድሩ ጀምሩ። ብዙ ዕድር ሰፈሩ ከፈረሰም በኋላ አባላቱን አልበተነም፤ ጸሐፊው ስልክ አለው። የዕድር መዝገብ ሌላም ጥቅም አለው፦ አንድ የቡድኑ መሥራች ያረፈበት ቀን እዚያ ላይ ተጽፎ ይገኛል። መዝገቡን ግን ፎቶ አንስታችሁ አትሂዱ፤ ገንዘብና የቤተሰብ ጉዳይ ስላለበት የምትፈልጉትን መስመር ብቻ ጸሐፊው ያንብብላችሁና ጻፉ።

የስም ዝርዝር ሲሠራ ተጫዋች ብቻ አይደለም። ቡድን መሪው፣ ወጌሻው፣ መዋጮ ሰብሳቢው፣ ማሊያ አጣቢዋ። በተለይ ማሊያ ያጠቡ እናቶችና እህቶች ስንት ማሊያ እንደነበረ፣ ቀለሙ መቼ እንደተቀየረ፣ የትኛው ቁጥር እንደጠፋ ከአምበሉ ይልቅ ያውቃሉ። ማንም ጠይቋቸው ስለማያውቅ ትረካቸው በመደጋገም አልተለሰነም።

ለእያንዳንዱ ሰው አምስት ነገር ይመዝገብ፦ ስም እስከ አያት፣ ቅጽል ስም፣ የተሰለፈበት ቦታ (በረኛ፣ ተከላካይ፣ አጥቂ)፣ የተጫወተባቸው ሜዳዎች፣ አሁን የሚኖርበት። ቅጽል ስሙን ከዋናው ስም ሳያገናኙ መተው የዚህ ሥራ ትልቁ ጥፋት ነው። በአንድ ሰፈር ሁለት «ፔሌ» እና ሦስት «ጢኖ» ይኖራሉ፤ ከዓመታት በኋላ የአንዱ ጎል ለሌላው ይጻፋል።

ቃለ ምልልሱ ለየብቻ ይጀመር። አራት ሆነው ከተቀመጡ ድምፁ የጎላው፣ አብዛኛውን ጊዜ የቀድሞው አምበል፣ ታሪኩን ይዞት ይሄዳል፤ ሌሎቹ «ልክ ነው» እያሉ ያጅቡታል። ለየብቻ ከተቀዳ በኋላ ሦስት አራት ሆነው ቢሰባሰቡ ግን ጥሩ ነው፤ ልዩነቶቹን ይዛችሁ ትቀርባላችሁ። «ጋሼ፣ እርስዎ ሪጎሬውን የሳቱት በጃን ሜዳ ነው ብለው ነበር፤ እሳቸው ደግሞ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ይላሉ» ማለት በቂ ነው። የቀረውን እነሱ ይጨርሱታል።

ስልኩን አውሮፕላን ላይ እንደሚሆነው ከኔትወርክ አውጡት፤ ጥሪ ከገባ ቅጂው ይቋረጣል። ቡና ከተፈላ ረከቦቱ አጠገብ አታስቀምጡት፣ የሲኒው ኳኳታ ድምፁን ይበላዋል። በተለየ መቀመጫ ላይ፣ ከሥሩ የታጠፈ ጨርቅ አድርጋችሁ፣ ከተናጋሪው አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ ይሁን። ሲጀመር ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ሙሉ ስም በድምፅ አስገቡ። አንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ ይደክማል፣ መልሱም ያጥራል። አልበም በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት አይውጣ። ፎቶ አንዴ ከወጣ ወሬው በፎቶው ውስጥ ስላሉት ሰዎች ብቻ ይሆናል፤ የዚያን ቀን ያልተነሳው ተጫዋች ከታሪኩ ይወጣል።

ዓመቱን ማሰር

ሰው ዓመትን በቁጥር ሳይሆን በአጋጣሚ ነው የሚያስታውሰው፤ ስለዚህ የታወቁ ቀናት ዝርዝር በእጃችሁ ይኑር። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ወረዱ። ሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ፤ ቀበሌም ከዚያ ጋር መጣ። 1977 ድርቁ፣ ግንቦት 20 ቀን 1983 የደርግ መውደቅ፣ መስከረም 2000 ሚሊኒየሙ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ኢትዮጵያ ሱዳንን አዲስ አበባ ስታዲየም 2 ለ 0 ረትታ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈች፤ ያን ዕለት የት እንደነበረ የማያውቅ ኳስ ወዳድ የለም። «ያን ጊዜ ቡድኑ ነበር? የት ሜዳ ነበራችሁ?» ብላችሁ ከዚህ ወደፊትም ወደኋላም ቁጠሩ።

አንድ ወጥመድ አለ። «አፍሪካ ዋንጫ እዚህ በተደረገ ጊዜ» የሚል ሰው ከሦስቱ የትኛውን እንደሚል መጠየቅ አለበት። ኢትዮጵያ ያዘጋጀችው ሦስት ጊዜ ነው፦ ጥር 1954፣ ጥር 1960 እና ከየካቲት እስከ መጋቢት 1968። እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር 1962፣ 1968 እና 1976 ይሆናሉ። «1968» የሚለው ቁጥር እንግዲህ በሁለቱም አቆጣጠር የአፍሪካ ዋንጫ ዓመት ነው፤ ውድድሮቹ ግን የተለያዩ ናቸው። መፍትሔው አጭር ነው፦ «ዋንጫውን ማን በላ?» በሉት። እኛ ከበላን የ1954ቱ ነው፤ ጥር 13 ቀን የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ (የያኔዋ ግብፅ) በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 የተሸነፈችበት። ኮንጎ ኪንሻሳ ከሆነች የ1960ው፣ ሞሮኮ ከሆነች የ1968ቱ።

ከፈረንጅ አቆጣጠር ስትመልሱ ሁልጊዜ ስምንት መቀነስ ስህተት ነው። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዓመት ማብቂያ ልዩነቱ ሰባት ነው፤ ከጃንዋሪ 1፣ ማለትም ከታኅሣሥ 23 (በአንዳንድ ዓመት 22) እስከ ጳጉሜን፣ ስምንት። ጥቅምትና ኅዳር የኳስ ወቅት ስለሆኑ ስህተቱ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ይፈጠራል። በመጽሐፉ ውስጥ አንድ አቆጣጠር ብቻ ተጠቀሙ፣ ያም የራሳችን ይሁን።

ለውጤትና ለጎል አግቢ አንድ ደንብ ያዙ፦ አብረው ያልተጠየቁ ሁለት ሰዎች ካልተስማሙበት ወይም ወረቀት ካልተገኘለት «ይባላል» ተብሎ ይጻፍ። ሁለቱ ሰዎች ወንድማማቾች ከሆኑ እንደ አንድ ይቆጠራሉ።

ለመመሥረቻው ዓመት ደግሞ አንድ ቁጥር ለማውጣት አትጨነቁ። የሰፈር ቡድን ብዙ ልደት አለው፦ ልጆቹ አብረው መጫወት የጀመሩበት፣ ስም ያወጡበት፣ የመጀመሪያውን ማሊያ በመዋጮ የገዙበት፣ በቀበሌ ወይም በወረዳ የተመዘገቡበት። አራቱም ለየብቻ ይጻፉ። «የተመሠረተው» የሚለውን ቃል ለየትኛው እንደምትጠቀሙበት ግን አንዴ ወስናችሁ መጀመሪያው ገጽ ላይ ግለጹ።

ወረቀትም ይዋሻል

ቃለ ጉባኤ፣ የተጫዋች ቴሴራ (መታወቂያ)፣ የጨዋታ ቅጽ፣ የመዋጮ ደረሰኝ፣ የክረምት ውድድር መርሐ ግብር፤ ከተገኘ ሁሉም ውድ ነው። ነገር ግን የቴሴራን የልደት ዓመት እንዳለ አትቅዱ። በታዳጊ ውድድር ዕድሜ መቀነስ የተለመደ ነበርና በቴሴራው የ16 ዓመት ልጅ የሆነው ሰው ያን ጊዜ ባለትዳር ሊሆን ይችላል። በጨዋታ ቅጽ ላይ ያለ ስምም የተጫወተው ሰው ላይሆን ይችላል፤ ከሌላ ሰፈር በውሰት የመጣ ልጅ በተመዘገበ ልጅ ስም ይገባ ነበር። ቅጹን ለሁለት ሦስት ተጫዋች አሳይታችሁ «እውነት እሱ ነበር የተሰለፈው?» በሉ። መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ቀጥሎ ስሙን ይነግሯችኋል። 3 ለ 0 የሚል ውጤት ሲደጋገም ደግሞ ፎርፌ መሆኑን አጣሩ፤ ያልተደረገ ጨዋታ እንደ ድል ተተርኮ ቆይቶ ይሆናል።

ቀን ያልተጻፈበት ደብዳቤ በራስጌውና በማኅተሙ ይታወቃል። «ከፍተኛ» እና «ቀበሌ» የሚል ማኅተም ከ1967 አይቀድምም። «ክልል 14» (አዲስ አበባ ያኔ የተጠራችበት) የሚል ካለበት ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። «ክፍለ ከተማ» ከ1995 አካባቢ ወዲህ። የአዲስ አበባ ስልክ ባለ ስድስት አኃዝ ከሆነ፣ 011 ሳይኖረው፣ ቁጥሩ ከተቀየረበት ከ1998 በፊት የታተመ ወረቀት ነው። ይኸው ዘዴ ዋንጫ ላይም ይሠራል፤ ከሥሩ የዋንጫ ሻጩ ስልክ የተለጠፈበት ብዙ ነው። የዋንጫው ጽሑፍ ያለበት ቆርቆሮ ብዙ ጊዜ ሙጫው ለቆ ይወድቅና ወደ ሌላ ዋንጫ ይለጠፋል። ከቆርቆሮው ዙሪያ ያለውን የሙጫ አሻራ እዩ፤ ከቆርቆሮው ጋር ካልገጠመ ጽሑፉን አትመኑ።

ጋዜጣ የሚታየው በመጨረሻ ነው። አዲስ ዘመን ከ1933 ጀምሮ ይወጣል፤ የቆዩ ጥራዞች በወመዘክር (በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) ይገኛሉ፣ በስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም ይጠቅማል። የትብብር ደብዳቤና መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ። የሰፈር ቡድን ስም ጋዜጣ ላይ እምብዛም አይወጣም፤ ጥራዝ ከዳር እስከ ዳር ማገላበጥ ዓይን ከማድከም ሌላ ፍሬ የለውም። የሁለት ሳምንት መስኮት ይዛችሁ ግቡ፦ ስለ አንድ የታወቀ ውድድር ፍጻሜ፣ ስለ አንድ ሜዳ መታጠር፣ ስለ አንድ የሹመት ለውጥ።

ስሙ ሲቀየር

ሉክሰምበርግ ውስጥ ከአንድ ቀበሌ የማይበልጥ ሰው ያለበት መንደር የራሱ ክለብ አለው፤ ክለቡ 50 ወይም 100 ዓመት ሲሞላው የታሪክ መጽሔት ማሳተም እዚያ የቆየ ልማድ ነው። የእነሱም ጸሐፊዎች የሚቸገሩት በስም ነው። (የሚከተሉት ዓመቶች በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) የአገሪቱ የመጀመሪያ ክለብ ፎላ ኤሽ በ1906 በአንድ የእንግሊዝኛ መምህር አነሳሽነት ተቋቋመ፤ በ1907 ዠነስ ኤሽ ተከተለ። ጀርመን ከ1940 እስከ 1944 አገሪቱን ስትይዝ የፈረንሳይኛ ስም ተከለከለና ዠነስ «ሽቫርትስ ቫይስ» ተባለ፣ ጥቁርና ነጭ ማለት፣ በማሊያው ቀለም። የዱዴላንዥ ከተማ ሦስት ክለቦች ደግሞ በ1991 ተዋሕደው ኤፍ 91 የሚባለውን ፈጠሩ። የቀድሞዎቹ የሦስቱ ክለቦች ዋንጫዎች የማን ናቸው?

እኛም ጋ ያው ነው። በታኅሣሥ 1928 (በራሳችን አቆጣጠር) በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ አራዳ ላይ የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ወራት ሳይቆይ ጣሊያን ገባና በወረራው ዘመን «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተብሎ ተጫውቷል። በደርግ ጊዜ ደግሞ ስንት የሰፈር ቡድን በቀበሌና በከፍተኛ ቁጥር ተጠራ! ከተጫዋቾቹ አፍ ግን የድሮው ስም አልወጣም፤ ለዚህ ነው በማስረጃውና በምስክሩ መካከል ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ያሉ የሚመስለው።

ደንቡ ይህ ይሁን፦ በየዘመኑ ቡድኑ የተጠራበትን ስም ጻፉ፤ መጀመሪያው ላይ ግን ስም፣ ከመቼ፣ እስከ መቼ፣ ማን ቀየረው የሚል ባለ አራት ዓምድ ሠንጠረዥ አድርጉ። ተጣልተው ለሁለት ከተከፈሉ ሁለቱም ወገን የድሮውን ዋንጫ ይጠይቃል፤ እናንተ ዳኛ አይደላችሁም። ዋንጫውን ያነሱትን አሥራ አንድ ስሞች ጻፉና ከመካከላቸው ማን ወደየት እንደሄደ አሳዩ፤ አንባቢው ይፍረድ።

ስለ 1969 እና 1970 ስትጠይቁ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በቀይ ሽብር የጠፋ የቡድን ጓደኛ የሌለው የዚያ ትውልድ ቡድን በመሀል ከተማ ጥቂት ነው። ቤተሰቡ ካልፈቀደ ስሙና የመጨረሻው ጨዋታው ብቻ ይጻፍ፤ ማን ጠቆመ፣ ማን ያዘ የሚለው በኳስ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ቦታ የለውም።

ፎቶ

ፎቶ ሲቃኝ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚያዙ ነጥቦች ብዛት) ይሁን። 9 በ13 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ በዚህ መጠን ወደ 2126 በ3071 ፒክሰል ይሰጣል፤ ለኅትመት 300 ስለሚበቃ መጠኑን በእጥፍ አሳድጋችሁ ማተም ትችላላችሁ። ቅጂ ቤት ዝም ካላችሁ በ200 ቃኝቶ በፒዲኤፍ ይሰጣችኋል። አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ፋይሉንም እዚያው ከፍታችሁ እዩ። በቴሌግራም ስትላላኩ «ፋይል» ብላችሁ እንጂ «ፎቶ» ብላችሁ አትላኩ፤ ይጨመቃል፣ ፊት ይደበዝዛል።

አልበሙ ላይ የተጣበቀ ፎቶ አይገነጠል፤ ቀለሙ ተልጦ ይቀራል። ላስቲኩ ከተነሳለት አንስታችሁ፣ ፀሐይ ባልመታው መስኮት አጠገብ፣ የስልኩን ፍላሽ አጥፍታችሁ፣ በስልክ አንሱት፤ ስልኩ ከፎቶው ጋር ትይዩ ይሁን። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፣ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል፤ በለስላሳ እርሳስ ዳር ላይ ተራ ቁጥር ብቻ። የፎቶ ቤት ማኅተም ካለ ጀርባውም ይቃኝ።

ስም ሲሞላ ፎቶውን በኤ4 አሳትማችሁ በእያንዳንዱ ፊት ላይ ቁጥር ስጡ፤ የቆሙት ከግራ ወደ ቀኝ ቀድመው፣ ከዚያ ያጎነበሱት። ያልታወቀው «ያልታወቀ» ይባል፤ ግምት አይግባ። ከኔጋቲቭ የታተመ ከሆነ የማሊያው ቁጥር ወይም የኋላው ማስታወቂያ ተገልብጦ እንደሆነ እዩ፤ ተገልብጦ ከሆነ ግራና ቀኙም ተገልብጧል፣ ስሞቹም ሁሉ ይዛባሉ። ኋላ ያለው ሕንፃም ዓመት ይናገራል፦ የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ በ1957 ተመርቋል፣ ቀላል ባቡሩ መስከረም 2008 ሥራ ጀምሯል፣ የዓድዋ መታሰቢያ የካቲት 2016 ተከፍቷል።

ማሳተም

ኤ5፣ የገጹ ብዛት በአራት የሚካፈል፤ 48 ገጽ ለአንድ የሰፈር ቡድን በቂ ነው። እስከ 60 ገጽ ገደማ መሀሉ ላይ በሽቦ ይሰፋል፤ ከዚያ ከበለጠ ጀርባው በሙጫ ይያዛል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ከመሀል በኩል 2 ሴንቲ ሜትር ኅዳግ ተዉ፣ አለዚያ ቃል ስፌቱ ውስጥ ይገባል። የቆዩ የቡድን ጽሑፎች በፓወር ግዕዝ (በቆየ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም) ተጽፈው ከሆነ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የማይነበብ ምልክት ይሆናሉ፤ ከመገልበጥ ይልቅ በዩኒኮድ እንደገና ጻፏቸው። ለማተሚያ ቤት የሚሰጠው ፒዲኤፍ ብቻ ነው።

ኃይሉ ነው ሀይሉ? ፀጋዬ ነው ጸጋዬ? ባለቤቱ በሚጽፈው መንገድ ይጻፍ፤ «ለወጥነት» ብላችሁ የሰው ስም አታርሙ። ያረፉትን ለመለየት መስቀል አታድርጉ፤ የመሀል አዲስ አበባ ቡድን ሙስሊምም ክርስቲያንም ያለበት ነው፣ «በሕይወት የሌሉ» የሚለው ቃል ይበቃል።

ከመታተሙ በፊት ሦስት ረቂቅ አውጥታችሁ ሁለቱን ለነባሮቹ፣ አንዱን ስለ ቡድኑ ምንም ለማያውቅ ሰው ስጡ። ነባሮቹ የስም ስህተት ያወጣሉ፤ እንግዳው ደግሞ «ጋሼ እከሌ» እያላችሁ ማንነቱን ያልተናገራችሁለትን ሰው ይጠይቃችኋል። ሁለት ሳምንት ስጧቸው፣ ቀኑንም ቁረጡ። ሲታተም ለወመዘክርና ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቅጂ ይግባ፤ የተቃኙት ፎቶዎችና የድምፅ ቅጂዎች በሦስት ቦታ፣ አንዱም ከአዘጋጁ ቤት ውጪ ይቀመጡ። አልበም ያዋሱ ሰዎች ዝርዝር ላይ የተመለሰላቸውን ፈርሙላቸው፤ ለእያንዳንዳቸው የፎቶዎቻቸውን ቅጂ በፍላሽ ጨምራችሁ ስጡ፣ ልጆቻቸው ቀጥለው የሚያመጡት ሌላ አልበም ይኖራል።